ስለ እንሶስላ አተካከልና በዛፍ ጥላ ሥር ስላለው መሬት

ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞንም ወደ ክልል የሚላከው የደን መዝገብ ብዙውን ጊዜ የሚናገረው ስለ ግንድ ነው። ይህን ያህል ሄክታር በዛፍ ተሸፈነ፤ ይህን ያህል ችግኝ ተተከለ፤ ከተተከለውም ይህን ያህሉ ጸደቀ ይላል። ይህ ነገር የሚነቀፍ አይደለም፤ የተከለውን የማይቈጥር ሹም የደረቀበትንም አያውቅምና። ነገር ግን ከዛፉ ሥር፣ በጥላውና በእርጥቡ አፈር ላይ የሚበቅለው ሁሉ በመዝገቡ ውስጥ ስፍራ የለውም። ስለማይጻፍም ሲጠፋ የሚያስተውለው የለም። መጥፋቱን አስቀድመው የሚያውቁት ለቅመውና ቈፍረው የሚጠቀሙበት ሴቶች ናቸው፤ እነርሱን ለመዝገቡ የሚጠይቅ ሹም ግን ጥቂት ነው።

ከዚህ ከተረሳው ወገን አንዱ እንሶስላ ነው።

እንሶስላ፣ በአንዳንድ ስፍራ ጉርሽጥ የሚባለው፣ የኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ የጫካ አበባ ነው። የሚወደውም ዛፍ ያጠላበትን የወንዝ ዳርና የምንጭ አጠገብ፣ እንዲሁም የበሰበሰ ቅጠል የተከማቸበትን ጥቍር አፈር ነው። ሥሩ እንደ ድንች ወፍራም ነው። በበጋ ግንዱ ይደርቅና ሥሩ በመሬት ውስጥ ተደብቆ ይቈያል፤ ዝናብ ሲመጣ እንደ ገና ያቈጠቍጣል። ግንዱ ውሃ የሞላበትና ለስላሳ ሲሆን፣ ቦታው ከተስማማው እስከ ሁለት ሜትር ያድጋል። አበባው ነጭ ነው፤ ጕሮሮው ግን ሐምራዊ ወይም ደማቅ ቀይ ነው፤ ከኋላውም ማር የሚጠራቀምበት ረጅምና ቀጭን ጅራት አለው። ሽታው በቀን እምብዛም አይታወቅም፤ ሲመሽ ግን አካባቢውን ያውደዋል። ይህም በከንቱ አይደለም፤ ወደዚያ ረጅም ጅራት ምላሱን ሰድዶ ማሩን የሚጠጣው፣ ጽጌውንም ከአበባ ወደ አበባ የሚያደርሰው በምሽት የሚበር የሌሊት ቢራቢሮ ስለ ሆነ ነው።

ፍሬው ሲበስል ጥቂት ቢነኩት ይፈነዳና ዘሩን ይበትናል። የዕፀዋት ሊቃውንት ይህን አይተው የዚህን ተክል ወገን ሁሉ በላቲን «ኢምፓቲየንስ» ብለውታል፤ የማይታገሥ ማለት ነው። እንሶስላንም ከወገኖቹ ሲለዩት «ቲንክቶሪያ» አሉት፤ ለማቅለሚያ የሚሆን ማለት ነው። ይህን ስም ያወጣለት አሺል ሪሻር የሚባል ፈረንሳዊ ሊቅ ሲሆን፣ ጊዜውም በፈረንጅ አቈጣጠር 1847 ነበር። ሪሻር በፓሪስ ተቀምጦ የጻፈ ሰው ነው፤ ዕፀዋቱን የሰበሰቡለት ወደ ኢትዮጵያ የመጡ የአገሩ ተጓዦች ነበሩ። እንግዲህ ስሙ ራሱ ምስክር ነው። ሊቁ ስም ከመስጠቱ አስቀድሞ የአገሩ ሴቶች ሥሩ ለምን እንደሚሆን ያውቁ ነበር።

ያ እውቀት ዛሬም አልጠፋም። ሥሩ ታጥቦና ተልጦ ይወቀጣል፤ የተወቀጠውም በእጅ መዳፍ፣ በጣቶችና በእግር ላይ ተለጥፎ፣ ተሸፍኖና ሙቀት እንዲያገኝ ተደርጎ ይቈያል። «እንሶስላ ሞቀች» መባሉም ከዚህ የተነሣ ነው። ሲፈታ ቆዳው ቀይ ወደ ጥቍር የሚያደላ ቀለም ይዞ ይገኛል። ለሠርግ፣ ለዓውደ ዓመትና ለአራስ ቤት የሚደረግ የቈየ ጌጥ ነው። ከጌጥነቱም በቀር በክረምት ጭቃ ሲመላለሱ ለሚሰነጣጠቀው እግር ይጠቅማል ብለው እናቶች ይቀቡታል። በገበያ ቀንም ሥሩን በቍና ይዘው የሚሸጡ ሴቶች አሉ። የሚያገኙት ገንዘብ ብዙ አይደለም፤ ነገር ግን እህሉ ከጎተራ ባለቀበት በክረምት ወራት የሚገኝ የጨውና የጋዝ መግዣ ስለ ሆነ ለቤቱ ቀላል አይደለም።

አሁን ግን ይህ ተክል በሁለት ወገን ተይዟል።

አንደኛው የሚኖርበት ጥላ መጥፋቱ ነው። የአገር በቀሉ ደን ሲመነጠር አስቀድሞ የሚሞተው የዛፉ ሥር ነዋሪ ነው፤ ፀሐይ አፈሩን ስታደርቀው ለስላሳው ግንድ ሊቈም አይችልም። ዛፍ በዛፍ ተተካ ማለትም ጥላ በጥላ ተተካ ማለት አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ዓመተ ምሕረት፣ ከአውስትራሊያ ወገን የመጣው ባሕር ዛፍ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ሕዝቡን ብዙ ረድቶታል፤ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን ባሕር ዛፍ ውሃን በብርቱ ይስባል፤ ተጠጋግቶ በተተከለበትም ስፍራ ከሥሩ የሚበቅለው ጥቂት ነው። በወንዝ ዳር የነበረው ዋንዛና ብሳና ተቈርጦ ባሕር ዛፍ ሲተካበት በመዝገቡ ላይ የዛፍ ቍጥር ሊጨምር ይችላል፤ እንሶስላው ግን ከዚያ ስፍራ ይሄዳል። በጎጃምና በደቡብ ጎንደር የአገር በቀሉ ደን የተረፈው ይልቁንም በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ መሆኑን ሁሉ ያውቃል። ቅጥሩም ጠባብ ነው።

ሁለተኛው የቈፋሮው ነገር ነው። ቅጠል የሚለቅም ሰው ተክሉን አይገድለውም፤ ሥሩን የሚቈፍር ግን ከእናቱ ይነቅለዋል። ጫካው ሰፊ፣ ቈፋሪውም ጥቂት በነበረ ጊዜ ይህ ጉዳት አልነበረውም፤ ከተረፈው ሥርና ከፈነዳው ዘር መልሶ ይበቅል ነበር። ጫካው ጠብቦ ቈፋሪው ሲበዛ ግን የዘንድሮው የከርሞውን ይበላል። የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል እንደ ተባለው፣ ገና ያልወፈረውን ሥር ሁሉ ቈፍሮ የወሰደ ሰው ለአንድ ገበያ ይጠቀማል፤ በሚመጣው ዓመት ግን ወደዚያ ስፍራ የሚሄደው በከንቱ ነው።

በዚህ ጊዜ ለሹም የሚቀለው ነገር መከልከል ነው። ጫካውን ያጥራል፤ ጠባቂ ያቈማል፤ ሥር ቈፍራ የተገኘችውን ሴት ሸክሟን ያስጥላል። መዝገቡም ደኑ ተጠበቀ ይላል። ነገር ግን ይህ ሥራ ሁለት ጥፋት አለበት። መጀመሪያ፣ ጫካውን ከመነጠረው ሰው ይልቅ ከሥሩ ጥቂት የወሰደችው ሴት ትቀጣለች፤ ይህም ፍርድ ያጐድላል። ሁለተኛ፣ ክልከላው ፈላጊውን አያጠፋውም። ሠርግ አይቀርም፤ ዓውደ ዓመትም አይቀርም። ቀን የተከለከለው በሌሊት ይቈፈራል፤ በሌሊት የሚቈፍርም ሰው ትንሹን ከትልቁ አይለይም፤ ለዘር የሚሆነውንም አያስቀርም። እንግዲህ ክልከላ ብቻውን ተክሉንም ሴቲቱንም አያድንም።

የሚያድነው ነገር እንሶስላን ወደ ጓሮ ማምጣት ነው። ከዱር ወደ ቤት የመጣ ተክል ለኢትዮጵያ ገበሬ አዲስ ነገር አይደለም። ቡናና ኮረሪማ የጫካ ጥላ ልጆች ነበሩ፤ የሰው እጅ ወደ ጓሮ አምጥቶ አበዛቸው። እንሶስላንም ከጓሯቸው አጠገብ የሚያሳድጉ ቤቶች ከጥንት ጀምሮ አሉ። የቀረው ነገር የጥቂቶቹ ልማድ የብዙዎች እንዲሆን ማድረግ ነው፤ ይህም የሹማምንትንና የባለ ይዞታዎችን ትኵረት ይፈልጋል።

ለዚህ አሳብ የሚቀርበው የመጀመሪያው ተቃውሞ የመሬት ነገር ነው። «ለጣት ማቅለሚያ ብሎ መሬት የሚሰጥ ማን ነው?» ይባላል። መልሱ ግን እንሶስላ የእህል መሬት አይፈልግም የሚል ነው። ጤፍና ገብስ ፀሐይ ይሻሉ፤ በትልቅ ዛፍ ሥር ቢዘሩ ቀጥነው ይቀራሉ። በየግቢው በዋንዛ፣ በወይራ፣ በኮሶና በዝግባ ሥር፣ ከቤትም ኋላ ፀሐይ የማያገኘው እርጥብ ስፍራ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ነው። ብዙ ባለ ይዞታ ይህን ስፍራ እንደ ጠፋ መሬት ስለሚቈጥረው «ዛፉ መሬቴን በላብኝ» ብሎ ዛፉን ይቈርጣል። ከዛፉ ሥር የሚጠቅም ተክል ያለው ሰው ግን ዛፉን ለመቍረጥ ምሳር ሲያነሣ ሁለት ጊዜ ያስባል። እንሶስላን መትከል ዛፉንም መጠበቅ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከከተማ ወገን የሚመጣ ሲሆን፣ ነገሩ የቀረ ልማድ ነው፤ ዛሬ የሚፈለገው ሂና ነው የሚል ነው። ሂና መልካም ተክል ነው፤ ነገር ግን ለደጋ ሰው ተገዝቶ የሚመጣ እንጂ ከጓሮው የሚነቀል አይደለም። ከዚህም በላይ «ጥቍር ሂና» እየተባለ በሚሸጠው ውስጥ ቀለሙን ለማጥቈር ፓራ-ፌኒሌንዲያሚን የሚባል የፋብሪካ ቅመም የሚጨመርበት ጊዜ አለ፤ ይህም የሰውን ቆዳ አቃጥሎ ጠባሳ እንደሚያስቀር ሐኪሞች የሚያስጠነቅቁበት ነው። ከጓሮ የተነቀለውን ሥር በገዛ እጇ ወቅጣ የምትቀባ ሴት ግን በውስጡ ያለውን ታውቃለች። ልማዱንም የሚንቅ ሹም ይህን ይስማ፦ በእንግሊዝ አገር ያሉ አትክልት ወዳዶች ይህንኑ የኢትዮጵያ አበባ ለውበቱና ለሽታው ብቻ ሲሉ በግቢያቸው ጥላ ሥር ይተክሉታል፤ የክረምታቸው ውርጭ ሥሩን እንዳይገድለውም ወፍራም የቅጠል ልብስ ያለብሱታል። ባዕድ እንዲህ የደከመለትን ባለቤቱ ሊንቀው አይገባም።

ሦስተኛውም ተቃውሞ እውነት ስላለበት ሊሸሸግ አይገባም። እንሶስላ ማንንም ባለጸጋ አያደርግም። ወደ ውጭ አገር ተልኮ የውጭ ምንዛሪ የሚያመጣ ተክል ነው ብሎ ለሕዝብ ተስፋ የሚሰጥ ሹም ሕዝቡን ያሳስታል፤ የሰጠው ተስፋም ሲቀር የሚመጣውን መልካም ምክር ሁሉ ያስንቃል። ጥቅሙ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን እርግጠኛ ነው፤ የሚያገኙትም ሌላ ገቢ የሌላቸው ናቸው።

አተካከሉ አድካሚ አይደለም። ቦታው ሲመረጥ የጠዋት ፀሐይ ጥቂት የሚያገኝ፣ ከቀትር በኋላ ግን ጥላ የሆነ፣ ከብርቱ ነፋስም የተሰወረ ይሁን፤ ነፋስ ለስላሳውን ግንድ ይሰብረዋልና። ፈጽሞ ጨለማ የሆነ ስፍራ አይስማማውም፤ ቅጠል እንጂ አበባና ወፍራም ሥር አይሰጥም። የባሕር ዛፍ ሥር ከደረሰበት ስፍራም መራቅ ያስፈልጋል። አፈሩ በጥልቀት ተቈፍሮ የበሰበሰ ቅጠልና የቈየ ፍግ ይቀላቀልበት፤ ትኵስ ፍግ ግን ሥሩን ያበሰብሰዋል። መሬቱ እርጥበት የሚይዝ ይሁን እንጂ ውሃ የሚተኛበት አይሁን፤ ውሃ የሚተኛበት ከሆነ አፈሩ ከፍ ተደርጎ መደብ ይሠራለት።

የሚተከልበት ጊዜ ዋናው ዝናብ ሊጀምር ሲል፣ በሚያዝያ መጨረሻ ወይም በግንቦት ነው። ሥሩ ዓይን ያለው ሆኖ ከአንድ ጋት እስከ ሁለት ጋት ጥልቀት ይቀበር፤ በተክልና በተክል መካከልም አንድ ክንድ ተኩል ያህል ይተው። ሥር ያጣ ሰው በክረምት ከለስላሳው ግንድ ቍራጭ ወስዶ በጥላና በእርጥብ አፈር ቢተክለው ሥር ያወጣል። ዘር ለመያዝ የሚፈልግም ፍሬው ወፍሮ ሊፈነዳ ሲል በቀጭን ጨርቅ ይሰረው፤ ከዘገየ ግን ዘሩን ከመሬት ሲለቅም ይውላል። ቡቃያው ለጋ ሳለ ቀንድ አውጣ ስለሚበላው በማታ እየዞሩ መልቀም ያስፈልጋል። በበጋ ግንዱ ሲደርቅ ሞተ ብሎ ስፍራውን ማረስ አይገባም፤ ምልክት ይተከልበት። ውርጭ በሚወርድበት ደጋም ስፍራው በደረቅ ቅጠል ይሸፈን።

ከሁሉ የሚበልጠው የአነቃቀሉ ሥርዓት ነው። በተተከለ በመጀመሪያው ዓመት አይነካ። ከዚያ በኋላም ሲነቀል አፈሩ ከዳር ተከፍቶ ከጐን ያሉት ሥሮች ይወሰዱ፤ ግንዱ የቈመበት መካከለኛው ሥር ግን ሳይነካ አፈር ይመለስበት። እንዲህ የተያዘ አንድ ጕድጓድ ለብዙ ዓመት ይሰጣል። ይህን ለባለሙያ ሴቶች ማስተማር አያስፈልግም፤ ብዙዎቹ ያውቁታል። ዱሩ የማንም ስላልሆነ ነው እንጂ በገዛ ጓሮዋ ያለውን ከነእናቱ የምትነቅል ሴት አትገኝም።

ለሹማምንት የሚቀረው ሥራ ጥቂት ነው፤ ነገር ግን በጥንቃቄ ሊሠራ ይገባዋል። በመጀመሪያ፣ ለመነሻ የሚሆነው ሥር በገፍ ከዱር እንዳይቈፈር ይጠንቀቁ። ለማዳን ተብሎ ጫካውን ባዶ ማድረግ ከበሽታው የከፋ መድኃኒት ነው። አስቀድሞ ከሚያሳድጉ ቤቶች በዋጋ እየተገዛ፣ ከግንድ ቍራጭና ከዘርም በችግኝ ጣቢያ እየተባዛ ይሰጥ። ለአንድ ቤት ሦስት ወይም አራት ሥር ይበቃል፤ እርሱ ራሱ ይበዛልና። በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ካለው ደግሞ ያለ ደብሩ አስተዳዳሪና ያለ ካህናቱ ፈቃድ አንድም አይነካ።

ሁለተኛ፣ ማንም በግድ እንዲተክል አይታዘዝ። በትእዛዝ የተተከለ ተክል ሹሙ እስኪያልፍ ድረስ ብቻ ውሃ ይጠጣል። ፈቃድ ካላቸውና ጥላ ካላቸው ቤቶች ቢጀመር፣ ጎረቤት ያየውን ይከተላል።

ሦስተኛ፣ በችግኝ ጣቢያና በተፋሰስ ሥራ ላይ የዛፉ ሥርም ይታሰብ። በ2011 ዓመተ ምሕረት የአረንጓዴ አሻራ ሥራ ሲጀመር፣ በሐምሌ 22 ቀን ብቻ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ እንደ ተተከለ መንግሥት አስታውቋል። ይህን ያህል እጅ ባንድ ቀን ሊሰበሰብ ከተቻለ፣ በወንዝ ዳር በሚተከለው አገር በቀል ዛፍ መካከል ጥላው ሲጠና ጥቂት እንሶስላ ማኖር የሚያቅት ሥራ አይደለም። በመዝገቡም ላይ ከዛፉ ቍጥር አጠገብ በሥሩ ምን እንደ በቀለ የሚጻፍበት አንድ ዓምድ ቢጨመር፣ ደኑ ሕያው መሆኑና አለመሆኑ ከቢሮ ሳይወጡ ይታወቃል።

አራተኛ፣ የደን ጠባቂዎች ሥር ቈፋሪዋን ሴት ሲያገኙ ሸክሟን ከመንጠቅ ይልቅ ስሟን ጽፈው፣ የችግኝ ጣቢያው ተክል ሲደርስ አስቀድሞ ለእርሷ እንዲሰጥ ያድርጉ። ተክሉን ለይታ የምታውቀው፣ የሚስማማውንም ስፍራ የምታመለክተው እርሷ ናት። ያቺን ሴት ጠላት ያደረገ ሹም መምህሩን አባረረ ማለት ነው።

አዳም በገነት የተቀመጠው እንዲሠራትም እንዲጠብቃትም እንደ ነበረ በየደብሩ ይነገራል። ከሁለቱ አንዱን ብቻ የያዘ ሰው ግማሹን ትእዛዝ አፈረሰ። ሳይሠራ የሚጠብቅ ሹም አጥር ያበዛል፤ ሳይጠብቅ የሚሠራም ምድሪቱን ባዶ ያደርጋታል። የወረዳው ሹም ሁለቱንም ለመጀመር ከፈለገ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በጽሕፈት ቤቱ ግቢ አንድ የቈየ ዋንዛ ወይም ዝግባ አይጠፋም፤ በሚመጣው ግንቦት ከሥሩ አራት እንሶስላ ያስተክል። ባለ ጉዳይ ሆና የመጣች ሴት አይታው ከየት እንዳመጣው ትጠይቀዋለች፤ ያን ጊዜ የሚሰጣት ችግኝ ያዘጋጅ።